ተሰርቆ የተገኘ መኪና ከሐራጅ መግዛት፦ የድሬዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ድሬዎች፣ ሐረሮችም። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኢንሹራንስ ሐራጅ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። በተለይ ተሰርቆ ስለተገኘ መኪና። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ሻንሲ (ብረቱ ላይ የተመታውን የመኪናውን መለያ ቁጥር) ሳታነቡ ሲፒኦ (ለጨረታ ማስያዣ የሚሆን የባንክ ክፍያ ማዘዣ) አታሠሩ።

ከሳቢያን፦ የተሰረቀ መኪና ከተገኘ ባለቤቱ አይወስደውም እንዴ? ኢንሹራንስ እጅ እንዴት ይገባል?

መልስ፦ ባለቤቱ የስርቆት ሽፋን ካለው ለፖሊስ ያመለክታል፣ ኢንሹራንሱም ካሳውን ይከፍለዋል። መኪናው ከዚያ በኋላ ሲገኝ ኢንሹራንሱ ይረከበውና ባለበት ሁኔታ በጨረታ ይሸጠዋል። ባለበት ሁኔታ የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ከገዛችሁ በኋላ ይሄ ጎደለ፣ ያ ተበላሸ ብሎ ክርክር የለም። የተጋጨ መኪና ጉዳቱ ፊት ለፊት ይታያል። ተሰርቆ የተገኘ ግን ቦዲው እንቁላል መስሎ ውስጡ የተበላ ሊሆን ይችላል።

ከመጋላ፦ ጋሼ፣ ቪትዝ በስንት ይወጣል?

መልስ፦ እንደ ጨረታው ነው። ቀጥሉ።

ከከዚራ፦ ሻንሲ አንብቡ ትላለህ። የተነካ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩ የት እንደተመታ እወቅ። ቪትዝ ላይ ኮፈኑን ከፍተህ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ላሜራ ላይ ታገኘዋለህ። ሃይሉክስ ላይ ቀኝ የፊት ጎማ አጠገብ፣ ዋናው ሻንሲ ብረት ላይ ነው። አቧራውን በጨርቅ ጥረገው። ከዚያ የስልክህን መብራት ከጎን በኩል አብራ። ፊት ለፊት ካበራህ ብረቱ ያብለጨልጭና ምንም አታይም። ከጎን ሲሆን ግን የሞረድ ጭረት ካለ ጥላ ይጥላል። ፊደሎቹ እኩል ጠልቀዋል? መስመራቸውን ጠብቀዋል? ዙሪያው ላይ ብየዳ አለ? በጣትህ ዳብሰው። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ ተነስተህ ሂድ።

ቀጥለህ ቁጥሩን ራሱን አንብበው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ባለ 17 ቁጥር የለውም። አጭር ነው፤ በሞዴሉ ኮድ ይጀምራል። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ፣ ባለ 1000 ሲሲው፣ ኤስሲፒ10 (SCP10) ብሎ ይጀምራል፤ ተራ ቁጥሩ ከሰረዝ በኋላ ይመጣል። ባለ 1300ው ኤንሲፒ10 (NCP10) ነው። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) 1000 ሲሲ እያለ ሻንሲው ኤንሲፒ ካለህ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። ባለ 17 ከሆነ ደግሞ አይ (I)፣ ኦ (O) እና ኪው (Q) የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። አንዷን ካየህ ቁጥሩ በእጅ የተመታ ነው።

የመቀመጫ ቀበቶውንም እስከ መጨረሻው ሳበው። ታች የተሰፋችው ጨርቅ ላይ የተመረተበት ጊዜ ይኖራል። ከመኪናው ዓመት ጋር በብዙ ከተራራቀ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ ሌላ ምን እንደተቀየረ ፈልግ።

ከሐረር፦ አቦ ይሄን ሁሉ ማካበድ ምንድን ነው? ዋናው ሞተር ነው። የደንገጎን ዳገት ሳይግል ከወጣ መኪና ነው።

ከለገሃሬ፦ ሐራጅ ግቢ ውስጥ ማን አስነስቶ ደንገጎ ያስወጣልሃል? ባትሪ እንኳን የለውም።

ከሐረር፦ እኛ ሐረር ሞተር በጆሮ ነው የምናውቀው።

ከለገሃሬ፦ ያልተነሳ ሞተር በጆሮ? ተው እንጂ!

መልስ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ደንገጎ ጥሩ ፈተና ነው፣ ግን ከገዛችሁ በኋላ ነው። ሞተሩ ደህና ሆኖ ሻንሲው የተሞረደ ከሆነ መኪናው በስምህ አይዞርም። ደንገጎ ከተነሳ ግን አንድ ነገር ልበል። ድሬ ላይ የሚግለው መኪና ሁሉ ሞተሩ ስለሞተ አይደለም። የቧንቧ ውሃችን ድስት ላይ ምን ዓይነት ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ታውቃላችሁ። ራዲያተር ውስጥም ያንኑ ይሠራል። የራዲያተሩን ክዳን ስትከፍቱ አፉ ላይ ነጭ ካያችሁ የራዲያተር ወጪ ያዙ። ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው! ከገዛችሁ በኋላ ኩላንት እንጂ የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ።

ከገንደ ቆሬ፦ ወንድሜ፣ ሌባ ከመኪና ውስጥ ምን ምን ይነቅላል? እኔ የማስበው ቴፕና ጎማ ብቻ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ ቴፕ ቀላሉ ነው። የሞተሩን ኮምፒዩተር፣ ኤርባግ፣ ካታሊቲክ (የጭስ ማጣሪያውን)፣ ስፖኪዮ፣ ባትሪ፣ ክሪክ ሳይቀር ይነቅላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገመዱ ነው። ሌባው ቁልፍ ስለሌለው ከመሪው ሥር ያለውን የቁልፍ ቤት ይሰብራል፣ ገመዱን ይቆርጣል፣ በቀጥታ አገናኝቶ ያስነሳል። አንዳንዱ እንዲያው ጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቀልለዋል። ያ መገናኛ ሲላላ ይግላል፣ ሲግል ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳት ከዚያ ይነሳል። ስለዚህ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብለሽ በመብራት እዪ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ብዙ ቪትዝ መሪው በቀኝ ሆኖ ከጃፓን ወጥቶ በኋላ ወደ ግራ የዞረ ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ውስጥ የተቀጠለ ገመድ ይኖረዋል። ያ የሌባ ሥራ አይደለም። የመሪ ማዞር ቅጥያ ያረጀ ነው፣ በርከት ያሉ ገመዶች አንድ ላይ ታስረው ይሄዳሉ። የሌባው አዲስ ነው፣ ጥቂት ነው፣ ቁልፍ ቤቱ ዙሪያ ነው።

ባትሪ ካለውና ቁልፍ ማዞር ከፈቀዱልሽ የኤርባግ መብራቱን ተመልከቺ። መጀመሪያ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውታል ወይም ሲስተሙ ተነክቷል።

ከመጋላ፦ እሺ በግምት እንኳን፣ ቪትዝ ስንት ብር ልያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መለስኩልህ እኮ። የትኛው ዓመት? ምን የጎደለው? ሊብሬው እንዴት ያለ? እነዚህን ሳትነግረኝ ብር አልጠራም። ሻንሲ ሳታነብም ሲፒኦ አታሠራ።

ከሳቢያን፦ በቶጎ ውጫሌ በኩል ርካሽ ሃይሉክስ አለ ይላሉ። ከሐራጅ አይሻልም?

መልስ፦ ኮንትሮባንድ እዚህ አናወራም።

ከአሸዋ፦ የመጀመሪያው ባለቤት ቆይቶ መኪናዬ ነው ብሎ ቢመጣስ?

መልስ፦ የሕግ ጥያቄ ነው፤ የሕግ ሰው ካለ ይመልስ።

ከለገሃሬ፦ ሐራጅ ከገዛህ ማንም አይነካህም፣ አለቀ!

ከከዚራ፦ አላለቀም። እኔ ሕግ ነው የተማርኩት። በቅን ልቦና የገዛን ሰው ሕጉ ይጠብቀዋል፣ የተሰረቀ ዕቃ ላይ ግን ባለቤቱ የመጠየቅ መብት አለው። የኢንሹራንስ ሐራጅ የሚሻለው ካሳ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ስላለው ነው። ወረቀቱን ካላሳዩህ ግን በምን ትከራከራለህ?

መልስ፦ ልጁ ያለው ልክ ነው። ከወረቀት በኩል እኔ የምጨምረው ይሄን ነው። መኪናው ሲጠፋ ፋይሉ ላይ እግድ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። መገኘቱ ብቻ እግዱን አያነሳውም። ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ፣ አዲስ አበባም ቢሆን፣ እግድ አለበት የለበትም ብላችሁ ጠይቁ። አለበለዚያ ስም ማዛወር ላይ ትቆማላችሁ፤ መኪናው ግቢ ውስጥ የድሬ ፀሐይ ሲመታው ይከርማል።

ከገንደ ቆሬ፦ ሊብሬው ምትክ ነው ተብሏል። ልተወው?

መልስ፦ ምትክ መሆኑ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ዋናው መኪናው ውስጥ እንዳለ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ምትኩ ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።

ከመጋላ፦ ጋሼ፣ አንድ 2003 ቪትዝ አይቻለሁ፣ ጥሩ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው? ሻንሲውን አነበብክ?

ከመጋላ፦ አላነበብኩም። ነገ ጠዋት ነው ጨረታው የሚዘጋው።

መልስ፦ እንግዲያው ዛሬ ግቢው ሳይዘጋ ሂድ። መብራትና ጨርቅ ያዝ። የጨረታ ሰነዱ ላይም ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር እንደሆነ አንብብ፤ 15 በመቶ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ካሸነፍክ በስንት ቀን ውስጥ መክፈል እንዳለብህም እዚያው አለ፤ ካሳለፍክ ማስያዣህ ይቀራል። ቁጥሩን አይተህ ጻፍልኝ፣ እስከ ማታ እዚህ ነኝ።