«ፕራይቬሲ» ብቻ ብለህ አትሰይመው

ወንድሜ፣ መሣሪያው እንዳይታወቅ የብሉቱዝ አድራሻ የሚቀያይረውን ኮድ ለሚያበራው ፍላግ (1 ሲሆን በርቷል፣ 0 ሲሆን ጠፍቷል ለሚለው ምልክት) «ፕራይቬሲ» የሚለው ስም ይበቃል ወይ ብለሃል። አይበቃም። የጻፍከው አንተ ስለሆንክ አሁን ግልጽ ይመስልሃል፣ ከአንተ በኋላ የሚያነበው ሰው ግን ግራ ይገባዋል።

ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ሆኜ፣ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ስፈትሽ ያጋጠመኝን ልንገርህ። ፍላጉ 1 ነው። እንደዛ ከሆነ አድራሻው በየጊዜው መቀየር አለበት፤ ሊኑክስ ላይ ካልነካካኸው በየ15 ደቂቃው ነው። ቢቲሞን (የብሉቱዝ ልውውጡን የሚያሳየውን የሊኑክስ ፕሮግራም) ከፍቼ ሳይ ግን ያቺ ከመርካቶ የተገዛች ርካሽ አዳፕተር ያንኑ ቋሚ አድራሻዋን እየደጋገመች ታሰራጫለች። ለካ ፍላጉ 1 የሚሆነው ቺፑ «እችላለሁ» ሲል ነው እንጂ ተጠቃሚው «አብራልኝ» ሲል አይደለም! ስሙ ሁለቱንም ስለሚመስል ማንም አልጠረጠረም።

ስለዚህ ለያይ። ቺፑ ይችላል ወይ፣ ተጠቃሚው ፈልጓል ወይ፣ አሁን የምር እየሠራ ነው ወይ። ከስሙ መጨረሻ በቅደም ተከተላቸው «ኬፐብል»፣ «ኢነብልድ»፣ «አክቲቭ» ብለህ ቀጥልበት፣ አለቀ። ሥራውን ማን እንደሚሠራም ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ2014 ብሉቱዝ 4.2 ከመጣ ወዲህ የተቀያየረውን አድራሻ መፍታት፣ ማለትም የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ መለየት፣ ቺፑ ራሱ ይችላል፣ ከዛ በፊት ግን የሆስቱ (ቺፑ የተሰካበት ኮምፒውተር) ሥራ ነበር። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራህ ችግሩ የት እንዳለ ማን ያገኘዋል? ዋይፋይም የራሱ የአድራሻ መቀያየሪያ ስላለው «ብሉቱዝ» የሚለውን ከፊት አትተው።

«ሊሚትድ» (የተገደበ) የሚለውን ቃል እኔ በበኩሌ አልወደውም። ሊኑክስ ላይ «ሊሚትድ ፕራይቬሲ» አለ። መሣሪያው ለሌሎች የሚታይና ለመጣመር ክፍት በሆነ ሰዓት ብቻ እውነተኛ አድራሻውን ያወጣል፣ በሌላ ጊዜ ይደብቃል ማለት ነው። ከስሙ ተነስተህ ይሄን ብትገምት ጎበዝ ነህ። «ዲሴብል» (አጥፋ) ብሎ የሚጀምርም አታድርግ፤ «ዲሴብል 0 ካልሆነ» የሚል መስመር በእንቅልፍ ሰዓት ማንበብ ስቃይ ነው።

ኮዱ ውስጥ ያለውን ስም ነገም ትቀይረዋለህ። ሰው በእጁ የሚሞላው የኮንፊግ ፋይል ላይ ያለው ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ብትቀይረውም አሮጌውን ስም ጭምር እያነበብክለት መኖርህ ነው። ጊዜህን እሱ ላይ አጥፋ።