አንድ ዓይኔ ቀርቷል፤ ኳስ ልተው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 28 ዓመቴ ነው፤ ብየዳ ቤት እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ብረት ስቆርጥ ስባሪ ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቀዶ ሕክምና ቢደረግልኝም አሁን በግራው የሚታየኝ ብርሃን ብቻ ነው። ቀኙ ጤነኛ ነው ተብያለሁ። እሑድ እሑድ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እጫወት ነበር፤ እናቴ ግን «የቀረችህን አንዷን ልታጠፋት ነው?» ብላ ከልክላኛለች። ሻይ ስቀዳ እንኳ ከብርጭቆው ውጭ አፈሳለሁ። ኳስ ልተው? ቀኙስ ብቻውን ሲሠራ ደክሞ አይጠፋም?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ቀኝ ዓይንዎ ብቻውን በመሥራቱ አያልቅም። ማንበብም ሆነ መሮጥ ዓይን አይጨርስም። ስልክ ላይ ሲያፈጥጡ መዋል ዓይን ያደርቃል፤ እሱ ግን ሁለት ዓይን ላለውም አይቀርም።

ሻዩ የሚፈስበት ምክንያት አለው። አንጎል የቅርብ ርቀትን የሚለካው ሁለቱ ዓይኖች የሚልኩለትን በጥቂቱ የሚለያይ ምስል አነጻጽሮ ነው። ስለዚህ የሚቸገሩት እጅ በሚደርስበት ላይ ነው፦ ሻይ መቅዳት፣ ብሎን ማስገባት፣ የተዘረጋ እጅ መጨበጥ፣ ጉርሻ መቀበል ሳይቀር። ራቅ ላለው ነገር ሌላ መለኪያ አለው፤ የትኛው የትኛውን ከለለ፣ ጥላው የት አረፈ፣ ራስዎን ሲያንቀሳቅሱ የትኛው ቶሎ አለፈ። ይህን መልመድ ወራት ይፈጃል፤ ብዙዎች በዓመት ውስጥ ይለምዱታል። እስከዚያው የፔርሙሱን አፍ ከብርጭቆው ጠርዝ አስነክተው ይቅዱ። ደረጃ ሲወርዱ የመጨረሻውን በእግርዎ ይዳብሱ። ለሰላምታ ደግሞ ቀድመው እጅዎን ይዘርጉ፤ ሌላው ራሱ ያገኝዎታል።

ከእይታዎ ስፋት ደግሞ በግራ በኩል አንድ አምስተኛው ያህል ጎድሏል። ክፍት ቱቦ በሞላበት ከተማ ይህ ቀላል አይደለም፤ አንገትዎን ማዞር ይልመዱ። በእግር ሲሄዱ የመንገዱን ግራ ይያዙ። በኢትዮጵያ መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ የሚመጣው ፊት ለፊት፣ በሚያየው ዓይንዎ በኩል ይሆናል።

ኳሱን ይጫወቱ። ግራ መስመር ላይ ቢሰለፉ ሜዳው በሙሉ በቀኝዎ ይሆናል። ቴስታ ላይ መጀመሪያ ጊዜውን ይስታሉ፤ በረኛ መሆኑን ግን ለጊዜው ይተዉት። ቦክስንና ፊት የሚመታባቸውን ሌሎች ስፖርቶች በጭራሽ አልፈቅድልዎትም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ፓራሊምፒክ የእኛው ታምሩ ደምሴ፣ የማየት ጉዳት ካለባቸው ጋር ተወዳድሮ 1,500 ሜትርን በ3፡48.49 ጨርሶ የብር ሜዳሊያ አገኘ። በዚያው ዓመት የኦሊምፒኩ አሸናፊ የገባው በ3፡50.00 ነበር። እርግጥ የኦሊምፒኩ ፍጻሜ ሲጠባበቁ የሮጡት ቀርፋፋ ውድድር ነበር፤ ቢሆንም ሰዓቱ ሰዓት ነው። ታምሩ በሚሮጥበት ምድብ የሚለካው የተሻለው ዓይን ነው፤ እርስዎ ቀኝዎ ጤነኛ ስለሆነ እዚያ ምድብ እንኳ አይገቡም።

እኔን ከኳሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሥራዎ ነው። እናትዎ መቆጣት ያለባቸው እሑድን ሳይሆን ሰኞን ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ፖሊካርቦኔት ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ያድርጉ፤ ተራ ብርጭቆ ቢመታ ተሰብሮ ራሱ ዓይን ይወጋል፣ የፀሐይ መነጽርም ስባሪ አያቆምም። ብየዳ ቤት የማየው አንድ ልማድ አለ፦ ብየዳው ሲያልቅ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፋ ያደርጉና ቅርፊቱን በመዶሻ ያራግፋሉ። ያ ቅርፊት እየተፈናጠረ የሚመጣው በትክክል ያኔ ነው። መነጽሩ ከጭምብሉ ሥር ይኑር። ለኳስ ደግሞ በላስቲክ ከኋላ የሚታሰር የስፖርት መነጽር አለ፤ የእግር ኳስ ሕግም ይፈቅደዋል።

መኪና ወይም ሞተር ለመንዳት ግን እስኪለምዱና የዓይን ሐኪም መዝኖ እስኪፈቅድልዎት ይቆዩ። በዓመት አንዴ ቀኙን ያስመርምሩ፣ የዓይን ግፊቱንም ጭምር። አልፎ አልፎ፣ አንድ ዓይን ከተወጋ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሰውነት መከላከያ ጤነኛውን ዓይን ያጠቃል። ቀኙ ከቀላ፣ ብርሃን መፍራት ከጀመረ ወይም ከደበዘዘ ከፋርማሲ ጠብታ ገዝተው አይሞክሩ፤ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ፣ ግራው መወጋቱንም መጀመሪያ ይንገሩት።