ቀለም የሚቆጥር ጸሎት፦ ስለ ቬዳ ማንትራዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ቬዳ ስለሚባሉት የሂንዱ ሃይማኖት ጥንታዊ ቅዱሳት መዝሙሮች አንባብያን የላኩልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱባይ የሚኖሩ አንባቢ፦ «ሕንዳውያን ጎረቤቶቼ ማለዳ ማለዳ ‹ኦም ቡር ቡቫሃ ስቫሃ› ብሎ የሚጀምር ዜማ ይከፍታሉ። ምን ማለት ነው?»

የሰሙት ጋያትሪ ማንትራ ይባላል፤ ማንትራ ማለት እየተዜመ ወይም እየተደገመ የሚባል ቅዱስ ቃል ነው። ከአራቱ ቬዳዎች ቀዳሚ በሆነው በሪግ ቬዳ በ3ኛው መጽሐፍ፣ 62ኛው መዝሙር፣ 10ኛው ቁጥር ላይ ይገኛል፤ ትውፊቱም ቪሽቫሚትራ ለተባለ ጠቢብ ይሰጠዋል። የአምላክ ሳቪታርን ተወዳጅ ብርሃን እናስብ ዘንድ፣ እርሱም አእምሯችንን ያነቃቃልን ዘንድ የሚለምን የፀሐይ ጸሎት ነው። እርስዎ የጠቀሷቸው የመግቢያ ቃላት ምድርን፣ አየርንና ሰማይን የሚጠሩ ሲሆኑ ከጥቅሱ በፊት ተጨምረው የሚባሉ እንጂ የጥቅሱ አካል አይደሉም። በስልክና በቴፕ የሚሰማው በሙዚቃ መሣሪያ የታጀበ ዜማ ብዙውን ጊዜ የዘመናችን ድርሰት ነው፤ ነባሩ አባባል ያለ መሣሪያ፣ በጥቂት የድምፅ ከፍታዎች ላይ ብቻ የሚመላለስ ነው።

ከባሕር ዳር የጻፉልን የሥነ ጽሑፍ መምህር፦ «እነዚህ መዝሙሮች ቤት ይመታሉ? የግጥም ምጣኔያቸውስ እንዴት ነው?»

ቤት አይመቱም። የእኛ ግጥም ቤት ካልመታ ጆሮ ይጎረብጣል፤ የቬዳ ባለቅኔ ግን የሚጠብቀው የቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ የቃል ድምፅ ክፍል) ቁጥርንና የቀለሞችን ርዝመት ነው። ጋያትሪ የተባለው ምጣኔ (ጸሎቱም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው) ሦስት ስንኞች ሲኖሩት እያንዳንዱ ስንኝ 8 ቀለም ይይዛል፤ አኑሽቱብ ባለ 8 ቀለም አራት ስንኝ ነው፤ በሪግ ቬዳ ከሁሉ በብዛት የሚገኘው ትሪሽቱብ አራት ባለ 11፣ ጃጋቲ ደግሞ አራት ባለ 12 ናቸው። የሪግ ቬዳን የመጀመሪያ ጥቅስ በፊደላችን ከፋፍለን እንየው፦

አግ-ኒ-ሚ-ሌ-ፑ-ሮ-ሂ-ታም
ያጅ-ኛስ-ያ-ዴ-ቫም-ሪት-ቪ-ጃም
ሆ-ታ-ራም-ራት-ና-ዳ-ታ-ማም

ካህን የሆነውን የእሳት አምላክ አግኒን የሚያወድስ ነው። የስንኙ መጀመሪያ ልቅ ሲሆን መጨረሻው ግን ይጠብቃል፦ ከእያንዳንዱ ስንኝ የመጨረሻ አራት ቀለማት የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም፣ ሦስተኛው አጭር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ቁጥሩ የማይሞላበት ቦታ ነው። የዚያው የጋያትሪ ጸሎት የመጀመሪያ ስንኝ «ታት ሳቪቱር ቫሬንያም» ሲባል 7 ቀለም ብቻ ይወጣዋል። የጎደለው አንዱ ቀለም የሚገኘው የመጨረሻውን ቃል «ቫሬኒያም» ብለን ስንዘረዝረው ነው፤ ሊቃውንትም ጥንት የሚባለው እንዲህ እንደነበር ይስማማሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ሳይናገር የቀረውን የድምፅ ለውጥ ምጣኔው ያጋልጣል ማለት ነው። የዛሬዎቹ አዚያሚዎች ግን ከመምህራቸው እንደተቀበሉት በ7 ቀለም ይሉታል፤ ማቃናት የእነርሱ ሥራ አይደለም።

«ቬዳ በጽሑፍ ሳይሰፍር ከሺህ ዓመታት በላይ ሳይበረዝ ቆየ የሚለውን ለማመን ይቸግረኛል» የሚሉ አንባቢ ከአዳማ

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ሪግ ቬዳ 1028 መዝሙሮች ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ ምሁራን የተደረሰበትን ጊዜ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 እና በ1000 መካከል ያደርጉታል። በፑኔ ከተማ በባንዳርካር የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም ከሚገኙት 30 የሪግ ቬዳ የእጅ ጽሑፎች መካከል ግን ጥንታዊው የተጻፈው በ1464 ነው። በመካከል ያለውን ዘመን የሸፈነው ቃል ነው፤ ተማሪው በልጅነቱ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ለዓመታት ያጠናል።

ቃሉን የሚጠብቁት ግን ጥናትና ድግግሞሽ ብቻ ሳይሆኑ የማፈራረቅ ዘዴዎችም ናቸው። ተማሪው በመጀመሪያ ጥቅሱን እንዳለ፣ ቀጥሎ ቃል በቃል ነጥሎ፣ ከዚያም ሁለት ሁለቱን እያያያዘ ይለዋል። ጋና በተባለው ከባድ አባባል ቃላቱ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳሉ፤ ቃላት ሲገናኙ የሚመጣውን የድምፅ መዋሐድ ትተን ብናሳየው፦ «አግኒም ኢሌ፣ ኢሌ አግኒም፣ አግኒም ኢሌ ፑሮሂታም፣ ፑሮሂታም ኢሌ አግኒም፣ አግኒም ኢሌ ፑሮሂታም»። ሦስት ቃል 13 ሆነ፤ ከዚያ ከሁለተኛው ቃል ይጀመርና እንደገና ይቀጥላል። አንድ ቃል የዘለለ ወይም ያዛነፈ ሰው ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠስበታል። ዩኔስኮ ይህን ትውፊት በ2003 ዕውቅና ሰጥቶ በ2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

የአብነት ትምህርት የተማሩ አንባቢ፦ «የቬዳ ሦስት ድምፆች እንደ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው?»

አይደሉም። የቅዱስ ያሬድ ሦስቱ የዜማ ስልቶች አንድን ድርሰት በሙሉ ይገዛሉ፤ ሦስቱ የቬዳ ድምፆች፣ ኡዳታ (ከፍ ያለ)፣ አኑዳታ (ዝቅ ያለ) እና ስቫሪታ (ከፍ ብሎ የሚወርድ) ግን የአንድ ቃል ውስጥ የቀለም መነሣትና መውደቅ ናቸው። በእርስዎ ትምህርት የሚቀርባቸው በንባብ ቤት የተማሩት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ነው። ስሕተቱም እንደ ንባብ ቤቱ ይከብዳል። በጥንታዊ ተረካቸው ትቫሽታር የተባለው አምላክ ልጁን የገደለበትን የአማልክት ንጉሥ ኢንድራን የሚያጠፋ ለመፍጠር መሥዋዕት ሲያቀርብ «የኢንድራ ገዳይ» ሊል ፈልጎ ቃሉን ያለ ቦታው አነሣውና «ገዳዩ ኢንድራ የሆነ» ሆነበት፤ የተፈጠረው ቭሪትራም በኢንድራ እጅ ሞተ።

«የሚያዜሙት ሰዎች ትርጉሙን ያውቁታል?»

ሁሉም አያውቁትም፤ ክርክሩም ከእኛ በፊት የነበረ ነው። ካውትሳ የተባለ ጥንታዊ ሊቅ ማንትራዎች ትርጉም የላቸውም ብሎ ነበር፤ የቃላት ፈቺው ያስካ አባባሉን ጠቅሶ «ዕውር ምሰሶውን ባያየው የምሰሶው ጥፋት አይደለም» ሲል መለሰለት። እኔ ወደ ያስካ አዘነብላለሁ።

«ማንትራ በሽታ ይፈውሳል ይባላል፤ እውነት ነው?»

በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ እንዲሁም አንድ ማንትራ በተራ ያሉ ሰዎችን ለክቷል። በሁለቱም እስትንፋሳቸው በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ወርዶ ከልብ ምታቸው ጋር ተስማምቷል። ማንትራው የቡድሂስቶች እንጂ የቬዳ አልነበረም፤ ተሳታፊዎቹም 23 ብቻ ስለነበሩ ስለ ፈውስ ከዚህ ጥናት መደምደሚያ አላወጣም።