ከተረከዝ ደም በኋላ «ልጁን መልሰሽ አምጪው» ለተባልሽው እናት

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት። የ6 ቀን ልጅሽ ከተረከዙ በተወሰደው ደም «የታይሮይድ ውጤቱ ከፍ ብሏል፣ ይደገም» ተብለሻል። (ታይሮይድ አንገት ላይ ያለች፣ ለአእምሮና ለሰውነት እድገት የሚያስፈልግ ሆርሞን የምትሠራ እጢ ናት።) ልጁ ግን ይጠባል፣ ይተኛል፣ ምንም አልሆነም። ታሟል ወይስ ምርመራው ተሳስቷል ብለሽ ነው የጠየቅሽው። አንድ ሰው ደግሞ ብዙ በሽታ ባንዴ የሚያይ ጥቅል ምርመራ አሠሪለት ብሎሻል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም፦ ነገ ጠዋት ውሰጂው። ዛሬ ከቻልሽ ዛሬ። ረጅሙ ይኸውና።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እነዚያ የደም ወረቀቶች የሚመጡበት ላብራቶሪ ውስጥ ግን 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ክቦች አሉ። የመጀመሪያው ጠብታ ተጠርጎ፣ ቀጣዩ ክቡን ባንዴ እንዲሞላ ይደረጋል። ከዚያ በትንሹ 3 ሰዓት ተዘርግቶ ይደርቃል። እኛ ከደረቀው ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያላት ክብ ቁራጭ እንበሳለን። እሷ ውስጥ ያለው ደም 3 ማይክሮሊትር ያህል ነው። ለዓይን እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ትንሽ ጥፋት ትልቅ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ጠብታ በሌላው ላይ ከተደረበ ቁጥሩ ይጨምራል። ተረከዙ የተጠረገበት አልኮል ሳይደርቅ ከተወጋ ደሙ ይቀጥናል። ገና እርጥብ ሳለ ታሽጎ የሚመጣም አለ። ያን ስናይ በጣም እንናደድ ነበር፤ ድጋሚ የሚወጋው ሕፃኑ ነዋ።

ይህን ወረቀት ያስለመደን ሮበርት ጉትሪ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ራሱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ነበረው። የዘመዱ ልጅ ደግሞ ፌኒልኬቶኑሪያ ነበረባት፤ በጊዜ ካልተደረሰበት አእምሮን የሚጎዳ በሽታ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከወረቀት ላይ በተበሳ ደም በሽታውን መለየት ቻለ። የታይሮይዱ ምርመራ የመጣው ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በዚያው ወረቀት ነው።

ወደ አንቺ ልጅ ልመለስ። ከፍ ብሏል የተባለው ቲኤስኤች ይመስለኛል። አንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ ወደ ታይሮይድ የሚላክ ትእዛዝ ነው በይው። ታይሮይድ ሲሰንፍ ትእዛዙ ይበረታል። ችግሩ፣ ማንኛውም ጤነኛ ሕፃን ከሞቀው ማህፀን ወደ ቀዝቃዛው ዓለም ሲወጣ ይህ ትእዛዝ ሽቅብ ይወጣል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጣሪያ ይነካል። ከዚያ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ይወርዳል። ደሙ የተወሰደው 24 ሰዓት ሳይሞላው ከሆነ ደህናው ልጅ የታመመ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «የተወሰደው በተወለደ በስንት ሰዓቱ ነው?» ይሁን።

የእኔ ሁለተኛ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቶሎ ተሸኘን፤ ደሙም በመጀመሪያው ቀን ተወሰደ። ስልኩ ሲደወል ሥራ ላይ ነበርኩ። ለስንት ቤተሰብ «አትደንግጡ፣ ገና ማጣሪያ ነው» ብያለሁ፤ የዚያን ማታ ግን እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ባለቤቴ ደክሟት ተኝታለች፣ እኔ በስልኬ መብራት የልጁ ምላስ ተልቆ እንደሆነ አያለሁ፤ የበሽታው አንዱ ምልክት ነዋ። ድጋሚ ሲታይ ነፃ ሆነ። ሒሳቡን ማወቅ ልብን አያረጋጋም፣ ግን ልንገርሽ።

በሽታው፣ ማለትም ታይሮይድ ከልደት ጀምሮ በደንብ አለመሥራቱ፣ ከ3,000 ሕፃናት በ1ዱ ላይ አለ እንበል፤ ይህ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። 30,000 ስንመረምር 10 የታመሙ አሉ ማለት ነው። ምርመራው ደግሞ ከ200 ጤነኞች አንዱን በስህተት ይጥራ። (ይቺን ቁጥር ለሒሳብ እንድትመች የመረጥኳት እኔ ነኝ።) 150 ጤነኛ ልጅ ተጠራ። ስልክ የተደወለለት 160 ቤተሰብ፣ የታመመ 10። ከ16 አንድ። ቁጥሩ ከዚህ ካለፈ ይጠራ የምንልበትን መስመር ከፍ አድርገን የሚጠራውን ሰው መቀነስ እንችላለን፣ ግን ያኔ ከ10ሩ አንዱ ያመልጠናል። ማጣሪያ ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርጎ የሚዘረጋ መረብ ነው።

አሁን «ደህና ነው እኮ» ወደሚለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ። ታይሮይዱ የማይሠራ ልጅ ሲወለድ ደህና ይመስላል፣ ምክንያቱም ከእናቱ የወሰደው ሆርሞን ገና አላለቀም። ከዚያ ብዙ ይተኛል፣ አያለቅስም፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ዓይኑና ቆዳው ቢጫነቱ ቶሎ አይለቀውም። ዘመድ ደግሞ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይላል። ሦስት ጊዜ ተደውሎላቸው የቀሩ ቤተሰብ አስታውሳለሁ። ልጁ ጨዋ ነው ብለው ነው የቀሩት። ሲመጡ ወር አልፎ ነበር። እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ከተረጋገጠስ? መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ ከተጀመረ አብዛኞቹ ልጆች እንደ እኩዮቻቸው ያድጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ማይክሮግራም ይሰጣል። ክኒኑ ተፈጭቶ በትንሽ ወተት ወይም ውሃ በማንኪያ ነው። ሙሉ ጡጦ ውስጥ አትጨምሪው፤ ካልጨረሰው ምን ያህል እንደወሰደ አታውቂም። ከአይረን፣ ከካልሲየምና ከአኩሪ አተር ወተት ጋርም አይደባለቅ፤ ወደ ሰውነቱ እንዳይገባ ያግዱታል። መጠኑ የሚስተካከለው በደም ምርመራ ነው። ከተጀመረ በ1 ወይም 2 ሳምንት ይለካል፣ በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ በተደጋጋሚ።

ይህ መለካት ለምን እንደሚያስጨንቀን ላውራሽ። በ1950ዎቹ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ክሎራምፌኒኮል የሚባል አንቲባዮቲክ ይሰጥ ነበር፣ ኢንፌክሽን እንዳይዛቸው ተብሎ። በቅን ልቦና። በ1959 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ልጆቹን በቡድን ከፍሎ አነጻጸረ። ምንም አንቲባዮቲክ ካልተሰጣቸው የሞቱት 19 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ክሎራምፌኒኮል ከተሰጣቸው 60 ከመቶ ገደማ። የጨቅላ ጉበት መድኃኒቱን ማስወገድ አይችልም፣ ደማቸው ውስጥ ይከማቻል። ባያነጻጽሩ ኖሮ ሞቱን በኢንፌክሽን እያሳበቡ ይቀጥሉ ነበር። ለሕፃን መድኃኒት ሲሰጥ ቅን ልቦና ብቻ አይበቃም፣ ይለካ የምንለው ለዚህ ነው።

ጥቅል ምርመራውን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አሁን አላሠራም። በሽታን ቀድሞ ማወቅ ሁልጊዜ ይጠቅማል ብለን ነው የምናስበው። ጃፓን ከ1980ዎቹ ጀምሮ የ6 ወር ሕፃናትን ሽንት በአገር ደረጃ ትመረምር ነበር፣ ኒውሮብላስቶማ የሚባል የሕፃናት ካንሰር ፍለጋ። ብዙ ተገኘ፤ የተገኘባቸውም በአብዛኛው ዳኑ። ተዓምር መሰለ። በ2002 ግን ከኩቤክና ከጀርመን ሁለት ጥናቶች ወጡ። በተመረመሩትና ባልተመረመሩት መካከል የሞት ልዩነት የለም! በምርመራ ይያዝ የነበረው በአብዛኛው ራሱ የሚጠፋው ዓይነት ነበር። ገዳዩ ያመልጣል። ራሱ ይጠፋ ለነበረ እጢ ሕፃናት ቀዶ ጥገናና ኬሞ ተደርጎላቸዋል። ጥቂት ቆይቶ ጃፓንም አቆመች። ጥቅሉን ያቀረበልሽን ሰው «ከነዚህ በሽታዎች ቀድሞ ማወቅ የልጅን ሕይወት እንደሚለውጥ የተረጋገጠው የቱ ነው?» በይው። ፊቱን እይ።

ነገ የሚወሰደው ደም ከተረከዝ ሳይሆን ከደም ሥር ሊሆን ይችላል፤ አትደንግጪ። ልጁ ያለ ጊዜው ተወልዶ ወይም ደም ተሰጥቶት ከሆነ ንገሪያቸው፤ ትርጉሙን ይለውጠዋል። ውጤቱን «ደህና ነው» ብለው ቢሸኙሽም ቁጥሩን ከነቀኑ አስጽፈሽ ያዢ። ሲወጋ ደግሞ እያጠባሽው ይሁን። ሕመሙን እንደሚቀንስለት ተፈትሾ የታየ ነገር ነው፤ እሺ ካላሉሽ ደግመሽ ጠይቂያቸው።