ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው የተሻገረ የእይታ ነርቭ ብግነት

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከአራት ወራት በፊት ቀኝ ዓይኔን ሳንቀሳቅሰው ያመኝ ጀመር፤ በአምስት ቀን ውስጥም ጨለመብኝ። የእይታ ነርቭ ብግነት ነው ተብሎ የስቴሮይድ እንክብል ወሰድኩ፤ በጥቂቱ ብቻ ተሻለኝ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ግራው እየደበዘዘ ነው። የአንጎል ኤም አር አይ ምንም አላሳየም። ዓይኔ ከመታመሙ በፊት ለሁለት ሳምንት ስቅታና ትውከት አላቋርጥ ብሎኝ የጨጓራ መድኃኒት ታዝዞልኝ ነበር። ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ስቅታውን መጥቀስዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዓይን ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት በመሆኑ ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ ያልፉታል። የተለመደው የእይታ ነርቭ ብግነት፣ ብቻውንም ሆነ ከመልቲፕል ስክለሮሲስ (የሰውነት መከላከያ ኃይል የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን ከሚያጠቃበት በሽታ) ጋር ሲመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይን ይይዝና በሳምንታት ውስጥ በደንብ ይሻላል። የእርስዎ ግን ቀኙ ሳይመለስ ግራውን ስለያዘ ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የተባለውን ብርቅ በሽታ ያስጠረጥራል።

በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል አኳፖሪን 4 የተባለውን፣ ውኃ ወደ ሕዋስ የሚያስገባና የሚያስወጣ ፕሮቲን ያጠቃል። ፕሮቲኑ በእይታ ነርቭ፣ በሕብለ ሰረሰርና ትውከትን በሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ክፍል በብዛት ስለሚገኝ፣ ስቅታውና የዓይኑ ሕመም ከአንድ ምንጭ ሊመነጩ ይችላሉ። ጥቃቱን የሚያደርሰው ፀረ እንግዳ አካል በ2004 ስለታወቀ ዛሬ በደም ምርመራ ይገኛል። አብሮ መታየት ያለበት ሞግ የተባለውን የነርቭ ሽፋን ፕሮቲን የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱ የሚያመጣው ብግነት ለስቴሮይድ ፈጥኖ ቢታዘዝም መጠኑ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ ያገረሻል። ሳርኮይዶሲስ፣ ሉፐስና ቤሼት የተባሉት ሌሎች የብግነት በሽታዎችም የእይታ ነርቭን ሊጎዱ ይችላሉ። ቂጥኝና ቲቢ ደግሞ መከላከያን የሚያዳክም የረጅም ጊዜ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መጣራት አለባቸው።

ግራው ዓይን ግን ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ደሙ ይቀዳና በቀን 1 ግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ በደም ሥር ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል። ካልተሻለ ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) መለወጥ ይከተላል፤ እሱም ቶሎ ሲጀመር የበለጠ ይረዳል። የምርመራው ደም ከዚህ በፊት መወሰድ አለበት፤ ምክንያቱም ፕላዝማ ሲለወጥ የሚፈለገው ፀረ እንግዳ አካልም አብሮ ይወጣል። የሕብለ ሰረሰር ኤም አር አይም ይጠይቁ።

በሽታው ከተረጋገጠ ነርቩን በየጊዜው የሚበላው ተደጋጋሚው ጥቃት ስለሆነ፣ እንደ ሪቱክሲማብ ወይም አዛታዮፕሪን ያለ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለዓመታት ያስፈልጋል። ኢንተርፌሮን ቤታን የመሰሉ አንዳንድ የመልቲፕል ስክለሮሲስ መድኃኒቶች ይህንን በሽታ ሊያባብሱ ስለሚችሉ ሁለቱ ሳይለዩ አይጀመሩ። ስቴሮይዱንም በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቁሙ። በዚህ መካከል እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከደከመ፣ ሽንት ከተያዘብዎ፣ ብግነቱ ሕብለ ሰረሰርን ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።