የቪትዝ ቸርኬ ለፊያት 124 ስፖርት ይገጥማል ወይ ላሉት ወንድማችን

ወንድማችን፣ ከአባትዎ የወረሱት ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር የፋብሪካ ቸርኬዎቹ ስለዛጉና አንዱም ስለተሰነጠቀ ባለ 14 ኢንች የቪትዝ ቸርኬ ሊገጥሙለት እንዳሰቡ፣ ሻጩም «አራት ቀዳዳ ስለሆነ ይገጥማል» እንዳለዎት ጽፈዋል። እባክዎ ገንዘቡን አይክፈሉ። እኔም እዚህ አዳማ ያንኑ መኪና እነዳለሁ፤ ያንኑ ቃል ከአንድ የአዲስ አበባ ሻጭ ሰምቼ፣ አምኜ የቪትዝ ቸርኬ ገዝቼ ነበር።

አንደኛ፣ ቁጥሩን ይያዙ። የፊያቱ አራት ብሎኖች የተደረደሩበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 98 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቪትዙ ግን 100 ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ሲካፈል 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን በዓይን አይለይም። ጨርሶ እምቢ ቢል ኖሮ ማንም አይጎዳበትም ነበር።

ሁለተኛ፣ የመሃሉን ቀዳዳ ይለኩ። የፊያቱ ሞዞ፣ ማለትም ቸርኬው የሚቀመጥበት የመሃል ብረት፣ 58.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቪትዝ ቸርኬ መሃል 54.1 ስለሆነ እንዳለ አይቀመጥም። እኔ ቸርኬዎቹ አልቀመጥ ባሉኝ ሰዓት ወደ አዲስ አበባ መልሼ መውሰድ ሲገባኝ፣ ቶርኖ ቤት ወስጄ መሃላቸውን አስፋሁ። ባለቶርኖው የታዘዘውን አሳምሮ ሠርቷል፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ብሎኖቹም ትንሽ ተንገራግጨው ገቡ፣ በቁልፍ ሲጠብቁም ጠበቁ፤ መኪናዋም አምራ ስለነበር ጎረቤት ሁሉ እየወጣ ያያት ነበር።

ከዚያ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ሞጆን እንዳለፍኩ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባላንስ ነው ብዬ ጎሚስታ ዘንድ ሁለት ጊዜ አስደረግሁ፣ ሁለት ጊዜም ከፈልኩ፤ በሁለተኛው ቀን ማሽኑ በሁለቱም ወገን ዜሮ እያሳየ መሪው ግን መንቀጥቀጡን አልተወም። ያን ዕለት ማቆም ነበረብኝ። በሳምንቱ ከባለቤቴ ጋር ከሶደሬ ስንመለስ ከፊት ግራ ጎማ በኩል ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማን። ወርጄ ሳይ አንዱ ብሎን የለም፣ ሁለቱ በጣት ይዞራሉ። ቸርኬውን አውርደን ስንመለከት የብሎኑ ሾጣጣ ራስ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ወደ መሃል ባለው ወገን ብቻ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተፍቆ ያበራ ነበር፤ በወዲያኛው ወገን የፋብሪካው ቀለም እንኳ አልተነካም። ብሎኖቹ በአንድ ጎናቸው ብቻ ነበር የያዙት። በቁልፍ ሳጠብቅ የተሰማኝ ጥብቀት የዚያች ግማሽ ጨረቃ ጥብቀት ነበር። የሞዞው ጥርስም ተበልቶ ስለነበር፣ ሌላ ሞዞ ከጣሊያን በዘመድ እጅ እስኪመጣ መኪናዋ አራት ወር በእንጨት ጉማጅ ላይ ቆመች።

ወደ ሻጩ ስመለስ፣ በዕድሜ አባቱ የምሆነውን ሰው «አንተ» ብሎ፣ «አንተ ራስህ በቶርኖ አስበልተህ አበላሽተኸዋል፤ የማታውቀውን መኪና ለምን ትይዛለህ?» አለኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያመኛል። የባሰው ደግሞ ለዋጋ ቅናሽ ብዬ የመኪናዋን የራሷን አራት ቸርኬዎች ትቼለት ነበር፤ ስጠይቀው ለቁርጥራጭ ብረት መሸጣቸውን ነገረኝ። ስለዚህ እርስዎ የተሰነጠቀውን አስበይደው አይንዱበት፣ ነገር ግን ከቤትዎ እንዳያወጡት። ደህና የሆኑትን ሦስቱንማ ማንም ምንም ቢያቀርብልዎ አይስጡ።

መፍትሔው በየመንገዳችን ሲመላለስ የኖረው ላዳ ነው። በቶልያቲ ፋብሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመረው ላዳ መሠረቱ ፊያት 124 ስለሆነ የብሎኖቹ ክብ ያው 98 ነው፣ ብሎኑም ያው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ አራት ባለ 13 የላዳ ቸርኬ ያገኘሁት እዚሁ አዳማ አንድ ጎሚስታ ደጃፍ ላይ ነው፤ ልጆቹ እንደ በርጩማ ይቀመጡባቸው ነበር። ዝገታቸውን አስለቅቄ፣ ቀጥ ማለታቸውን በማሽን አስፈትሼ፣ ቀለም አስቀባሁ። በ165/80 R13 ጎማ፣ ማለትም በመኪናዋ የጥንት ልክ፣ ዛሬ በዚያው በፍጥነት መንገድ ላይ መሪው ጸጥ ብሎ እሄዳለሁ። የመሃል ቀዳዳቸውን ግን ከመግዛትዎ በፊት በመለኪያ ካሊፐር ይለኩ፤ ቸርኬው በሞዞው ላይ ሳይወላወል መቀመጥ አለበት።

የግድ ባለ 14 ካሉም 98 የሆነውን ይፈልጉና 185/65 ጎማ ያልብሱት፤ ቁመቱ 596 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ከጥንቱ 594 ጋር ስለሚቀራረብ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዋሽም። ወፍራም የአሉሚኒየም ቸርኬ ከሆነ የጥንቱ ብሎን ያጥራል፤ በእጅ ሲያስገቡት ቢያንስ አሥር ዙር ካልዞረ ረጅም ይግዙ። ብሎን በመዶሻም ሆነ በረጅም ቧንቧ አያስገድዱ። ከማጥበቅዎ በፊትም ጎማውን በእጅ አሽከርክረው የፍሬኑን ካሊፐር አለመንካቱን ይዩ።

አለካኩ እንዲህ ነው፦ ቸርኬውን በጀርባው ገልብጠው፣ ከአንዱ ቀዳዳ የውጭ ጠርዝ ተነሥተው ፊት ለፊቱ እስካለው ቀዳዳ የውስጥ ጠርዝ ድረስ ይለኩ። 98 ካልመጣ ሻጩ ምንም ቢምል ይተዉት። መለኪያ ከሌለዎት ቸርኬውን ይዘው አዳማ ይምጡ፤ የእኔ መለኪያ ካሊፐር አለ፣ የላዳውን ቸርኬ ካገኘሁበት ጎሚስታም ሁለት ቀርተው አይቻለሁ።