መልስ፦ እናትየዋ አቆስጣ (በእንግሊዝኛ ሲል የምትባለው የባህር እንስሳ) ሰው ሲጠጋ ግልገሏን ጥላ አትሸሽም ወይ?
እንደየቦታው ነው ወንድሜ። አንታርክቲካ በረዶው ላይ አድኖ የሚበላቸው አውሬ ስለሌለ ዌደል የሚባሉት አቆስጣዎች (ኦሪት ላይ የአቆስጣ ቁርበት የሚለው ትዝ ይልሃል አይደል) ሰው ሲያዩ ብዙም አይሸሹም፣ ለዛም ነው እዛው አንታርክቲካ ኤረበስ ቤይ የሚባል የባህር ወሽመጥ ላይ ተመራማሪዎች ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግልገሎቹን ገና በህፃንነታቸው መቅዘፊያቸው ላይ ታግ (መለያ ቁጥር) እያደረጉላቸው እየተከታተሏቸው ያሉት፣ እና ያቺው ታግ የተደረገላት ግልገል ከአመታት በኋላ እናት ሆና ስትመጣ ማን እንደሆነች ያውቋታል ማለት ነው። እኔን የገረመኝ ግን ክብደቱ ነው፣ ሲወለድ 30 ኪሎ ገደማ የነበረው በ6 ሳምንት ውስጥ 100 አካባቢ ይገባል፣ ወተቷ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነዋ! እሷ ደግሞ በዛው ልክ ትከሳለች፣ ያውም የምትተነፍስበት ቀዳዳ እንዳይዘጋ በረዶውን በጥርሷ እየፋቀች፣ ጥርሷ እስኪያልቅ።
አርክቲክ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። እዛ ነጭ ድብ ስላለ ሪንግድ የሚባለው ዝርያ ግልገሉን በረዶ ውስጥ ዋሻ ሰርቶ ነው የሚደብቀው፣ ከላይ ምንም አይታይም፣ ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ዋሻውን አሽትቶ የሚያገኝ የሰለጠነ ውሻ ይዘው ነው የሚወጡት።